ችሮታ መብት አይሆንም
ከላይ የወረደ ተሐድሶ ዙፋንንም አገርንም አላዳነም

በአገራችን ፖለቲካ ውስጥ እንደ «ተሐድሶ» ብዙ ጊዜ የተዘፈነለት፣ ብዙ ጊዜም የተቀበረ ቃል የለም። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች ሲሾሙ ሥልጣኔ ተባለ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ሲሰጡ ዘመናዊነት ተባለ። ኢሕአዴግ ከ1993ቱ ክፍፍል በኋላ «ተሐድሶ» አለ፤ በ2009 ዓ.ም. መሬት ሲንቀጠቀጥበት «ጥልቅ ተሐድሶ» አለ፤ በ2010 ዓ.ም. ደግሞ «ለውጥ» መጣ። ስሙ በየዘመኑ ይለዋወጣል። ሰጪው ከላይ፣ ተቀባዩ ከታች መሆኑ ግን ከመቶ ዓመት በላይ አልተለወጠም።

ይህን የምንጽፈው ከሎስ አንጀለስ፣ ከፌርፋክስ ጎዳና ነው። ይህች አጭር መንገድ እ.ኤ.አ. በ2002 በከተማው ምክር ቤት ውሳኔ «ትንሿ ኢትዮጵያ» ተብላ ከተሰየመች ወዲህ የእጣኑና የበርበሬው ብቻ ሳይሆን የክርክሩም አደባባይ ሆናለች። በየምግብ ቤቱ ሁለት ድምፆች ጎልተው ይሰማሉ። አንደኛው፣ «ጃንሆይ ትንሽ ጊዜ ቢያገኙ ኖሮ አገሪቱን ቀስ በቀስ ወደ ሕገ መንግሥታዊ ዘውድ ያሸጋግሯት ነበር፤ ጉድ የሠራን የተማሪው ችኮላና የወታደሩ ጠመንጃ ነው» ይላል። ሁለተኛው፣ «ያ መንግሥት በወረራ የተሠራ ግዛት ስለ ነበር ሊታደስ አይችልም ነበር፤ የዛሬውም ያው ነውና ፈርሶ ይለይለት» ይላል። ሁለቱ ወገኖች በአንድ ረከቦት ዙሪያ አይቀመጡም። እኛ ግን ሁለቱም አንድ ስሕተት ይጋራሉ ባዮች ነን። ሁለቱም የታሪኩን ባለቤት ቤተ መንግሥቱን ያደርጋሉ፤ አንዱ እንዲያድስ፣ ሌላው እንዲፈርስ ይጠብቃል። ሕዝቡ በሁለቱም ትረካ ውስጥ ተመልካች ነው።

«ሕዝቡ እስኪደርስ ድረስ»

ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. የታወጀው የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት በ55 አንቀጾች የተዋቀረ ነበር። ያረቀቁት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ሲሆኑ፣ ዋና አርአያቸው እ.ኤ.አ. በ1889 የወጣው የጃፓን ሕገ መንግሥት ነበር። ሁለት ምክር ቤቶች ተቋቋሙ። የሕግ መወሰኛውን አባላት ንጉሠ ነገሥቱ ከመኳንንቱ ይመርጣሉ። የሕግ መምሪያውን አባላት ደግሞ ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ እስኪደርስ ድረስ መኳንንቱና የየአካባቢው ሹማምንት ይመርጡለታል ተባለ።

ውድ አንባቢ፣ «እስኪደርስ ድረስ» የምትለዋን ሐረግ ልብ በል። ለመሆኑ መድረሱን የሚለካው ማን ነው? ሳይደርስ ቢቀር የሚጠቀመውስ ማን ነው? ሕዝቡ ደረሰ ተብሎ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደራሴ ሊመርጥ ወደ ምርጫ ጣቢያ የሄደው በ1950 ዓ.ም. ነው። ያን ጊዜም የፖለቲካ ፓርቲ አልነበረም፤ ንብረት የሌለው ሰው አይወዳደርም፤ ሚኒስትሮቹም ተጠሪነታቸው ለዙፋኑ ነበር። በ1948 ዓ.ም. የዘውዱ 25ኛ ዓመት ሲከበር የወጣው የተሻሻለው ሕገ መንግሥት የመብት ምዕራፍ ነበረው፤ የመናገርና የመጻፍ ነጻነትም በወረቀቱ ላይ ሰፍሯል። ነገር ግን አንቀጽ 4 የንጉሠ ነገሥቱን አካል የተቀደሰ፣ ክብራቸውን የማይደፈር፣ ሥልጣናቸውን የማይነካ ሲያደርገው፣ የቀረው ሁሉ የባለቤቱ መልካም ፈቃድ ሆኖ ቀረ።

ለሥራቸው የሚገባቸውን አንነፍግም። ትምህርት ቤቱ፣ አየር መንገዱ፣ አውራ ጎዳናው፣ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት መቀመጫነት፤ እነዚህን የሚክድ ታሪክን ይክዳል። እኛ ራሳችን ያ ዘመን በከፈታቸው ትምህርት ቤቶች ፊደል የቆጠሩ ሰዎች ልጆችና ደቀ መዛሙርት ነን። ክርክራችን ሌላ ነው። የተሰጠው ሁሉ ችሮታ ነበር፤ ችሮታ ደግሞ የሰጪው ነው፤ ሲፈልግ ያበዛዋል፣ ሲከፋው ያነሣዋል።

«ጃፓንስ ከላይ በመጣ ተሐድሶ አልሠለጠነችምን?» የሚል አለ። መልሱ ቀላል ነው። ጃፓን ሕገ መንግሥቱን ከመጻፏ በፊት እ.ኤ.አ. በ1871 የመሳፍንቱን ግዛቶች ሻረች፤ በ1873 የመሬት ግብሯን ለውጣ ለባለ ይዞታው የባለቤትነት ማረጋገጫ ሰጠች፤ በ1876 የሳሙራዮቹን የዘር ድርጎ አስቀረች። የተሐድሶውን ዕዳ ገዢው መደብ ራሱ ቀድሞ ከፈለ ማለት ነው። እኛ ዘንድ የመጣው የጃፓን ዘውድ እንጂ የጃፓን ሒሳብ አልነበረም። ጃፓንም ብትሆን ጦሯን ከምክር ቤቱ ቁጥጥር ውጭ ለንጉሡ ብቻ ተጠሪ ማድረጓ ወደ ምን ዓይነት ጥፋት እንዳደረሳት እ.ኤ.አ. 1945 ምስክር ነው።

ያልተነካው ነገር፤ መሬት

በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የክቡር ዘበኛው አዛዥ ብርጋዴር ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይና ወንድማቸው ገርማሜ ንዋይ ተነሡ። ገርማሜ በወላይታ አስተዳዳሪ ሳሉ ለጭሰኛው መሬት ለማደል የሞከሩ፣ ለዚህም ወደ ጅጅጋ የተዛወሩ ሰው ነበሩ። ሙከራው በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት አረንጓዴ ሳሎን ውስጥ በታገቱት ባለሥልጣናት ደም ተደመደመ። ንጉሠ ነገሥቱ ያን ቤተ መንግሥት ለዩኒቨርሲቲ ሰጡት። ትልቅ ስጦታ ነው፤ ግን ጥያቄው ቤት አልነበረም። በዚያው ግቢ ያደጉት ተማሪዎች በየካቲት 1957 ዓ.ም. «መሬት ለአራሹ» ብለው አደባባይ ወጡ። ቤተ መንግሥቱን የተቀበለው ትውልድ መሬቱን ለአራሹ ጠየቀ።

መንግሥት መልስ አልሰጠም አይባልም። በ1958 ዓ.ም. የመሬት ይዞታና አስተዳደር ሚኒስቴር ተቋቋመ። የጭሰኛና የባለ መሬት ግንኙነትን የሚወስን ረቂቅ ተዘጋጀ፤ ለምክር ቤት ቀረበ፤ እዚያው አረጀ። እንዴት አያረጅ? በወንበሩ የተቀመጡት ባለ መሬቶቹ ነበሩ። ጅብን የሥጋ ቤት ዘበኛ ማድረግ ማለት ይኸው ነው።

በአርሲ ጭላሎ በስዊድን እርዳታ በ1960 ዓ.ም. የተጀመረው የእርሻ ልማት (ብዙዎች «ካዱ» እያሉ የሚጠሩት) ማዳበሪያና ምርጥ ዘር አመጣ። ምርት አደገ። ምርት ሲያድግ የመሬት ዋጋ ጨመረ፤ ባለ መሬቱ ትራክተር ገዛ፤ ጭሰኛው ተነቀለ። ልማቱ ራሱ ክፉ አልነበረም፤ መብት ሳይቀድመው የመጣ ልማት ግን ደካማውን ከመሬቱ የሚጠርግ መጥረጊያ ሆነ። ይህን ዐረፍተ ነገር ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

በዚያው በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ወጣ። በወረቀት ላይ ከአሥራት የተሻለ፣ ዘመናዊ ግብር ነበር። ጎጃም ግን ጠመንጃ አነሣ። አንዳንድ የታሪክ ጸሐፊ «ኋላ ቀር ገበሬ ሥልጣኔን ተቃወመ» ይለናል። የጎጃም ገበሬ ያልተቀበለው ርስቱን የሚለካውን ገመድ ነው፤ ገመዱን የያዘውን ሹም ያውቀዋልና። ግብሩ ዛሬ ተመን ነው፤ ነገ ቀላድ ነው፤ ከነገ ወዲያ ርስቱ የሌላ ነው ብሎ አሰበ። ከወራት ግጭት በኋላ አገረ ገዢው ተነሡ፤ ያልተከፈለው ግብር ተማረ። እንግዲህ አስቡት፤ ከቀድሞው የተሻለ ሕግ ይዞ የሄደ መንግሥት በገዛ ባላገሩ ጥይት ተመለሰ። ባሌም ከ1955 ዓ.ም. ጀምሮ በዋቆ ጉቱ መሪነት ለዓመታት ታግሏል፤ እዚያም የመሬት፣ የግብርና የማንነት በደል አንድ ላይ ተገምደው ነበር። ደቡቡ በጭሰኝነት፣ ሰሜኑ በርስት ስጋት፤ ሁሉም በየራሱ ቋንቋ ያንኑ «አላመንንህም» ይል ነበር።

የፌዴሬሽኑ ፈተና

ብዙ ሕዝቦችን ያቀፈ መንግሥት ለመታደሱ ትልቁ መለኪያ ከራሱ የተለየ ነጻነት ያለውን ክፍል እንዴት እንደሚይዝ ነው። በመስከረም 1945 ዓ.ም. ኤርትራ በፌዴሬሽን ስትቀላቀል የራሷ ምክር ቤት፣ የራሷ ሕገ መንግሥት፣ ፓርቲዎችና ጋዜጦች ነበሯት። አዲስ አበባ ያልነበራት ነገር አሥመራ ነበረ። ዐዋቂ መንግሥት ቢሆን መላ አገሩን ወደ አሥመራ ደረጃ ከፍ ባደረገ ነበር። የሆነው የተገላቢጦሽ ነው፤ ጋዜጦቹ ታፈኑ፣ ፓርቲዎቹ ጠፉ፣ ሰንደቋ ወረደ፣ በኅዳር 1955 ዓ.ም. ፌዴሬሽኑ ራሱ ፈረሰ። ለ30 ዓመት የተዘረጋው ጦርነት ከዚህ ተወለደ። አንድነትን የምንወድ ሰዎች ይህን ደፍረን መናገር አለብን፤ አንድነትን የጎዳው የፌዴሬሽኑ መኖር ሳይሆን መፍረሱ ነው።

ይህ በእኛ ብቻ የደረሰ አይደለም። የኦቶማን ቱርክ ሱልጣኖች እ.ኤ.አ. በ1839 «ታንዚማት» የተባለውን ተሐድሶ አውጀው ለሁሉም ሃይማኖት ተከታዮች እኩልነት ቃል ገቡ። እ.ኤ.አ. በ1876 በሚድሃት ፓሻ ጥረት ሕገ መንግሥት ወጣ። ሁለት ዓመት ሳይሞላው ሱልጣን አብዱልሐሚድ ምክር ቤቱን በትኖ ሕገ መንግሥቱን ለ30 ዓመት ያህል መሳቢያ ውስጥ ቆለፈበት፤ ሚድሃት ፓሻም ተሰዶ በእስር ቤት ተገደለ። የሰጠ እጅ ነሣ። ኦስትሪያም እ.ኤ.አ. በ1867 ከሀንጋሪ ጋር ሥልጣን ተካፍላ ስላቮቹን ደጅ አስቀረች፤ እ.ኤ.አ. በ1918 ያ ሁሉ ግርማ እንደ ጭቃ ቤት ተናደ። ጥቂቱን አስታርቆ ብዙውን ያስቀየመ ዕድሳት ጣራውን ቀብቶ መሠረቱን እንደ መተው ነው።

የመጨረሻዎቹ ወራት

በ1965 ዓ.ም. ወሎ ተራበ። ከዩኒቨርሲቲው ወደ ወሎ የሄዱ መምህራን ፎቶግራፍ አንሥተው መጥተው አሳዩ፤ መንግሥት ግን ነገሩን ማድበስበስ መረጠ። በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ አለቀ። እልቂቱን ለዓለም ያሳወቀው የእንግሊዝ ቴሌቪዥን ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ነው። በጋዜጠኝነት ሙያ ያለፍን ሰዎች ከዚህ የምንማረው አለ፤ ነጻ ጋዜጣ ያለበት አገር ድርቅ ሊመታው ይችላል፤ ወሎ ግን በዝምታ ነው የሞተው። ያው ፊልም መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ቴሌቪዥን ታየ፤ በማግሥቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ።

በየካቲት 1966 ዓ.ም. የአክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ ከወደቀ በኋላ በእንዳልካቸው መኮንን ዘመን የተሰየመው ኮሚሽን ጥሩ ረቂቅ ሕገ መንግሥት አዘጋጅቶ ነበር። ዘውዱ በሕግ ይወሰናል፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ለምክር ቤት ይጠየቃል የሚል ነበር። ረቂቁ የደረሰው በነሐሴ ነው። እንዳልካቸው በሐምሌ ታስረዋል። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. አክሊሉም እንዳልካቸውም ከ60 ከሚጠጉ ሰዎች ጋር ያለ ፍርድ ተረሸኑ። «ጊዜ ቢያገኙ ኖሮ» ለሚሉ ወገኖቻችን የምንመልሰው ይህንኑ ነው። ከ1923 እስከ 1966 ዓ.ም. 43 ዓመት ነው። ከዚያ ውስጥ የጣሊያን ወረራ የወሰደው 5 ዓመት ይቀነስ። 38 ዓመት አነሰ የሚል፣ ስንት ዓመት ይበቃል ሊለን ነው?

«ፈርሶ ይለይለት» ለሚሉትም መልስ አለን። ፈርሷል እኮ! ደርግ አፍርሶ አሳይቶናል። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ጭሰኝነትን ሻረ፤ ይህ ታላቅ ሥራ ነው፤ አንክድም። ነገር ግን አራሹ ከባለ መሬት እጅ ወጥቶ የመንግሥት ጭሰኛ ሆነ። የ1987ቱም ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 መሬትን የመንግሥትና የሕዝብ ነው ብሎ አጸናው፤ በተግባር ቁልፉ ያለው በቀበሌው ሹም ኪስ ነው። መፍረስ ብቻውን መብትን አይወልድም። ዙፋኑ ይፈርሳል፤ ብዕሩ ግን ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋል።

ሦስት ጥያቄዎች ለዛሬ

ሐምሌ 22 ቀን 2010 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ እዚሁ ሎስ አንጀለስ መጥተው ነበር። «ግንቡን እናፍርስ፣ ድልድዩን እንገንባ» ተባለ፤ አዳራሹ በእልልታ ተሞላ። ያን ቀን ያለቀሰውን ዓይን አንወቅስም፤ እስረኛ ተፈትቷል፣ ስደተኛ ተጠርቷል፣ ከኤርትራ ጋር እርቅ ወርዷል። ከዚያ ወዲህ ግን ማንኛውም ተሐድሶ ሲመጣልን ሦስት ጥያቄ ልንጠይቀው ይገባል።

አንደኛ፤ ይህን ማን ሊነሣው ይችላል? በ2013 ዓ.ም. የወጣው የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ከቀደሙት ይሻል ነበር። በ2017 ዓ.ም. ያው ምክር ቤት የተቆጣጣሪ ቦርዱን ሥልጣን የሚቀንስ ማሻሻያ አጸደቀ። በዚያው ዓመት የሰብዓዊ መብት ድርጅቶች፣ ኢሰመጉን ጨምሮ፣ ታግደው ነበር። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል ሰበብ የታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ጋዜጠኞችን ሳይቀር ወደ አዋሽ አርባ ወታደራዊ ካምፕ ወሰደ። ፈቺው እጅ አሳሪው እጅ ሆነ ማለት ነው። በ1985ቱ የፕሬስ አዋጅ ብዕር ያነሣን፣ በ1998 ዓ.ም. ጋዜጦች ሲዘጉና ጋዜጠኞች ሲታሰሩ ያየን ሰዎች ይህ ዜማ አዲስ አይሆንብንም።

ሁለተኛ፤ ዕዳውን የሚከፍለው ማን ነው? ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. (ከዚያ የአዳራሽ እልልታ ልክ በስድስተኛው ዓመት) ብር በገበያ እንዲወሰን ተለቀቀ። አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር ተሻገረ። የምጣኔ ሀብት ሊቃውንት ማሻሻያው አይቀሬ ነበር ይሉናል፤ ይሁን። ግን የመምህሩ ደመወዝ ሲቀልጥ ከመንግሥት በኩል የተቀነሰው ምንድን ነው? የፒያሳና የካዛንቺስ ነባር ሰፈሮች ለኮሪደር ልማት ሲነሡ ነዋሪው ስንት ቀን ተሰጠው? ማንስ ጠየቀው? የጭላሎውን መጥረጊያ አስታውሱ። መንገዱ ያምራል፤ መብራቱ ይደምቃል፤ መብት ሳይቀድመው የመጣ ልማት ግን ዛሬም ደካማውን ይጠርጋል።

ሦስተኛ፤ «አይሆንም» የሚል ሰው ምን ይደርስበታል? ጥቅምት 24 ቀን 2013 ዓ.ም. የተጀመረው የትግራይ ጦርነት እስከ ጥቅምት 2015ቱ የፕሪቶሪያ ስምምነት ድረስ ለሁለት ዓመት ሕዝብ ፈጀ። የሰሜኑ መሣሪያ ሳይቀዘቅዝ የአማራው ተነሣ፤ የኦሮሚያው ቀድሞም አልበረደም ነበር። የእነዚህ ታጣቂዎች ጥያቄ ሁሉ ትክክል ነው አላልንም፤ ንጹሐንን የነካ እጅ የማንም ቢሆን የደም ዕዳ አለበት። የምንለው ሌላ ነው፤ ጥያቄን በምክር ቤት የማያስተናግድ መንግሥት ጥያቄውን በጫካ ያገኘዋል። የ1960ው ጎጃምና የ1955ቱ ባሌ የነገሩን ይህንኑ ነበር።

ለማን ነው የምንናገረው?

በውጭ ያለህ ወገን፣ ሹም በመጣ ቁጥር አዳራሽ አትሙላ፤ ከሞላህም ጥያቄህን በወረቀት ይዘህ ግባ። የገንዘብ ድጋፍህን ስትልክ ለስጦታው አታጨብጭብ፤ ሒሳቡን ጠይቅ። በስደት የሚቋቋሙ ድርጅቶቻችንም ከዚህ ፈተና ነጻ አይደሉም። መሪያቸውን በጉባኤ መሻር የማይችሉ፣ ሒሳባቸውን ለአባል የማያሳዩ ድርጅቶች ነገ ቤተ መንግሥት ቢገቡ የሚያደርጉትን ለማወቅ ነቢይ መሆን አያስፈልግም።

በአገር ቤት ያላችሁ ወገኖች፣ እናንተን ልንመክር አይዳዳንም፤ እሳቱ ያለው በእናንተ ደጅ ነው። አንድ ነገር ብቻ እንላለን። የዕድሩን ሰብሳቢ በድምፅ የሚመርጥ፣ የዕቁቡን ገንዘብ በምስክር የሚቆጥር ሕዝብ «ገና አልደረሰም» ሊባል አይችልም። ደርሷል። የደረሰው ከምኒልክ ሚኒስትሮች በፊት ነው። ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ በ1911 ዓ.ም. ከመሞታቸው በፊት የግብሩን መጠን መወሰን፣ የሹም ደመወዝ መታወቅን፣ በሕግ መተዳደርን ጽፈው ተማጽነዋል። መቶ ዓመት አለፈ፤ ልመናው ያው ነው። ስለዚህ ልመናው ይብቃ።

መብት የሚጸናው ሲነጠቅ የሚጮኽለት ባለቤት ሲኖረው ነው። አዳሹም አፍራሹም ቤተ መንግሥት ሳይሆን በሕግ የሚገደብ፣ በምርጫ የሚሻር፣ በጋዜጣ የሚተች፣ ብዙ ቋንቋ ለሚናገር ሕዝብ ሁሉ እኩል የሚጠየቅ መንግሥት እንሻለን። ይህን ማንም አይሰጠንም። ሊሰጠን ለሚመጣም «እግዜር ይስጥልን፤ ነገር ግን የራሳችንን ነው የምንጠይቀው» እንበለው።

ቸር ይግጠመን።

ከሎስ አንጀለስ